ከድንገተኛ አደጋ፣ ከከባድ ሕመም ወይም ከሐዘን በኋላ ካውንስሊንግ፦ ለማን? መቼ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። "ዶክተር፣ እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ አባቴ ምግብ እምቢ ብሏል። እሷ እኮ እየተሻላት ነው።" "ወንድሜ ካረፈ አምስት ወር ሆነው፣ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም፣ የትኛውን ኪኒን ልውሰድ?" "እጮኛዬ በመኪና አደጋ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ስልኬን አያነሳም።" ሁሉም መድኃኒት እንዳዝላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ካውንስሊንግ ላወራችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ የራሴን ስህተት ልናገር።

ኢንተርን እያለሁ ሰርጀሪ ዋርድ ውስጥ አንድ ታካሚ ነበሩኝ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ግንበኛ ናቸው። ሥራ ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ርብራብ ወድቀው ህብለ ሰረሰራቸው ተጎዳ፣ ከወገብ በታች መንቀሳቀስ አቃታቸው። ስድስት ሳምንት ገደማ ተኙ። ባለቤታቸው አንድም ቀን ከአጠገባቸው አልተለዩም፤ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ነበር የሚተኙት። ከሆስፒታል ሲወጡ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለባቸው፣ የሽንት ቱቦውን እንዴት በንጽህና እንደሚይዙ፣ ትኩሳት ከመጣ ቶሎ እንዲመለሱ ነገርኳቸው። ሴትየዋ ሁሉንም ደገሙልኝ፣ አንድም አልሳቱም። "ጎበዝ ነዎት" አልኳቸው። ወረቀቱን ፈርሜ ሸኘኋቸው።

ከአራት ወር በኋላ ተመላላሽ ክፍል ተመድቤ ስሠራ እኚሁ ሴትዮ መጡ። ከስተው ስለነበር አላወቅኳቸውም። "ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አሉኝ። ከኋላቸው ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ኦሜፕራዞል ጻፍኩላቸውና ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። "ምንም አልለቀቀኝም" አሉ። ያኔ ነው መልካቸው ትዝ ያለኝ። "ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ቁስላቸው፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ንዴታቸው ብዙ ነገሩኝ። ሲጨርሱ "እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። "ዶክተርዬ፣ እሱ ከወደቀ ጀምሮ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዳንዴ ሌሊት ሳገላብጠው ምነው ያኔውኑ በሞተ እላለሁ። ከዛ እኔ ምን ዓይነት አውሬ ነኝ እያልኩ እስኪነጋ አለቅሳለሁ።"

እንዲህ ያለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ሰው ላይ በጣም የተለመደ ነው። የደከመ ሰው ይመጣበታል፤ ይወዳል፣ ይናደዳል፣ ይጸጸታል፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት። ግን ለማን ይነገራል? ለጎረቤት? ለልጅ? ለራሱ ለታማሚው? ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ይቀበርና ጨጓራ ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ኦሜፕራዞል እጽፍለታለሁ።

ከሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር አገናኘኋቸው። ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ድንኳኑ ሲፈርስ

እኛ ሀገር በመጀመሪያው ሳምንት የሚያህለን የለም። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ወጥና እንጀራ ይዞ ይገባል፣ ዘመድ ፍራሽ ላይ አብሮ ያድራል። መርዶ እንኳን ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ማለዳ ቤተዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር አድርጉ ይላል፦ እዩ፣ አዳምጡ፣ አገናኙ። ሰውየው ደህና ቦታ መሆኑን፣ መብላት መጠጣቱን እዩ። መናገር ከፈለገ አዳምጡ፣ ካልፈለገ አታስገድዱ። ከቤተሰቡና ከሚረዳው ሰው ጋር አገናኙት። ሳነበው "እንዴ፣ ይሄማ የእኛ ዕድር ነው" ነው ያልኩት።

ጭንቁ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። ሠልስቱ ያልፋል፣ አርባው ይወጣል፣ ወይም ሰደቃው ተበልቶ ሰው ይበተናል። ታማሚ ቤትም እንደዛው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካንና ጁስ የያዘ ጠያቂ ይጎርፋል፣ በስድስተኛው ወር ስልክ የሚደውል እንኳን ይጠፋል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዳይፐር ወጪ፣ ባዶ አልጋ፣ ሁሉም የሚመጡት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ሰው ፊት ጠንክሮ የነበረ ሰው ያኔ ነው የሚወድቀው።

ጊዜ የሚፈታው የትኛው ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መደንዘዝ፣ የሆነው ነገር ዓይን ላይ መምጣት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ "ያን ቀን ባልፈቀድለት ኖሮ" እያሉ ራስን መውቀስ ይጠበቃል። የሞተ ዘመድ ድምፅ መስማት፣ በር የከፈተ መምሰልም ያጋጥማል። ይሄ ማበድ አይደለም። አብዛኛው ሰው ቤተሰቡና ወዳጁ አብሮት ካለ በጊዜ ሂደት ያገግማል፣ ካውንስሊንግም ላያስፈልገው ይችላል። ሐኪም ነኝ ብዬ ሁሉም ይታከም አልልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ኪኒን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ "ትንሽ ትተኛበት" ተብሎ ዲያዜፓም የሚሰጥ አክስት አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ሐዘኑን አያቃልልም፣ ሱስ ግን ያሲዛል። ለወራት ስትወስዱት የቆያችሁ ካላችሁ በአንድ ጊዜ እንዳታቆሙት፣ አደገኛ ነው። ከሐኪም ጋር ሆናችሁ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሁለተኛው "አውጪው፣ ዝርዝሩን ንገሪን፣ ይቀልልሻል" የሚባለው ነው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያውኑ አስቀምጦ ሁሉንም እንዲተርክ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሲጠና ግን ከጭንቀት እንደማይከላከል ታየ፣ አንዳንዱን እንዲያውም ይጎዳል። ሰውየው ሲፈልግ ይናገር።

ደግሞ ቲክቶክ ላይ "አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች" የሚል ነገር አይታችሁ "ዶክተር፣ እኔ ስንተኛው ላይ ነኝ?" የምትሉኝ አላችሁ። ሐሳቡ የመጣው ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው፤ የጻፈችው ደግሞ ራሳቸው ሊሞቱ ስላሉ ሕሙማን ነበር። ሐዘን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ፎቅ አይደለም። ሰኞ ተጽናንታችሁ ሐሙስ ልትንሰፈሰፉ ትችላላችሁ።

ታዲያ ባለሙያ ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ከአደጋው ወይም ከጥቃቱ አንድ ወር አልፎ አሁንም ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ ያን ቦታ ወይም ያን ወሬ መሸሽ ካለቀቃችሁ ፒቲኤስዲ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ ማዘን፣ ምንም ነገር አለማስደሰት፣ ምግብና እንቅልፍ መዛባት፣ "አልጠቅምም" ማለት ካለ ዲፕሬሽን መሆኑ መታየት አለበት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዲፕሬሽን ያጋጥማቸዋል። ቤተሰብ "ፊዚዮቴራፒ ሰነፈ" የሚለው ሰው ምናልባት ዲፕሬሽን ይዞት ይሆናል፤ ሲታከም እጁንም ማንቀሳቀስ ሊጀምር ይችላል። ሐዘንን በተመለከተ ደግሞ ስድስት ወር አልፎም ናፍቆቱ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ ሰውየው መሥራት፣ ልጅ ማሳደግ፣ ከሰው መቀላቀል ካቃተው እርዳታ ያስፈልገዋል። በአልኮል ወይም በጫት ማሳለፍ ከተጀመረ ወር አትቁጠሩ።

"መኖር ሰለቸኝ" የሚል ቃል ከሰማችሁ በግልጽ ጠይቁ፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ኪኒኑን፣ የአይጥ መርዙን፣ በረኪናውን ከቤት አውጡ፣ በዚያኑ ቀን አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ልጆቹስ?

ይሄ ክፍል የሚያናድደኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አባት ይሞታል፣ የስድስት ዓመት ልጅ "አባዬ ውጭ ሀገር ሄዷል" ይባላል። ልጁ ቤቱ በጥቁር ልብስ ሲሞላ ያያል፣ እናቱ ስትጮህ ይሰማል። ማንም እውነቱን አይነግረውም። ከዛ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ አባቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ ወይ አባቱ ሳይሰናበተው የሄደው እሱ ስላጠፋ ነው።

ንገሩት። የሚያምነው ሰው፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ አጭር ቃል። "አባዬ ሞተ። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፣ ተመልሶ አይመጣም። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። እኔ አለሁ።" "ተኝቷል" አትበሉ፣ መተኛት ይፈራል። በሃይማኖታችሁ ስለ ነፍስ የምታምኑትን መጨመር ትችላላችሁ፣ መሞቱን ግን አትደብቁ። ልጁ ሰምቶ ኳስ ሊጫወት ቢሮጥ አትደንግጡ፤ ልጆች በትንሽ በትንሹ ነው የሚያዝኑት። ማታ ላይ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። አሥሩንም ጊዜ መልሱለት። አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ ወይም ትምህርቱ ድንገት ከወረደ አትቅጡት፣ ለመምህሩ ንገሩ።

ስልክ የያዘ ሁሉ ይሄን ያንብብልኝ፦ ሰው ሲሞት ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ወንድም መርዶውን ከእናንተ ፖስት ነው የሚሰማው። ብቻውን፣ ሥራ ላይ ሆኖ። ሽማግሌዎቹ መርዶ ሰው ተሰብስቦ ይነገር ያሉት ያለ ነገር አይደለም። መጀመሪያ እዛ ያለ ጓደኛውን ፈልጉ፣ አጠገቡ ይሁንለት፣ ከዛ ይነገረው።

ካውንስሊንግ ሄደን ምን እንሆናለን?

"አማኑኤል ግባ" እንደ ስድብ በሚነገርበት ከተማ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ቢያስፈራ አልፈርድም። ብዙ ጊዜ ያለው ነገር አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሰዓት ያህል ነው። የምትናገሩት ሚስጥር ነው፤ የሚጣሰው የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ነው፣ እሱንም አስቀድመው ይነግሯችኋል። የተማረ አማካሪ "አይዞሽ፣ የባሰ አለ" ወይም "ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ፣ ጠንክር" አይላችሁም። ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ከዛ አብራችሁ የሚሞከር ነገር ትመርጣላችሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው አንድ ዘዴ አለ፤ አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። አተነፋፈስን በማዘግየት ሰውነትን ማረጋጋት ያስተምራል። ችግሮችን ዘርዝሮ የሚፈታውንና የማይፈታውን መለየት፣ የተተወ ነገርን በጥቂቱ መጀመር፣ ከሰው ጋር እንደገና መገናኘትም አለበት። በቃ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ ሰው እንኳን ሰልጥኖ፣ ባለሙያ እየተከታተለው ሊሰጠው ይችላል።

ቤተሰብ አብሮ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። አንዱ መናገር ይፈልጋል፣ አንዱ ዝም ማለት ይፈልጋል፣ ሁለቱም "አይወደኝም" ብለው ያስባሉ። ልጁን ያጡ ባልና ሚስት ላይ ይሄ በጣም ይታያል። እሷ ልብሱን ታቅፋ ታለቅሳለች፣ እሱ አምሽቶ ይሠራል። ሁለቱም ሐዘን ላይ ናቸው፣ መንገዱ ነው የተለያየው። ይሄን አንድ ሦስተኛ ሰው ፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲነግራቸው ብዙ ነገር ይረግባል። ህብለ ሰረሰር የተጎዳበት ባለትዳር ደግሞ ስለ መኝታ ቤት ጉዳይ መጠየቅ አለበት። እኛ ሐኪሞች አፍረን አናነሳውም፣ እነሱም አፍረው ይቀራሉ። መፍትሔ ያለው ነገር ነው፣ ጠይቁ።

የት ነው የሚገኘው? የአእምሮ ጤና ነርስ ያላቸው ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ካርድ ክፍል "የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጅማና ጎንደር ያላችሁ ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎቹ አገልግሎቱን ታገኛላችሁ። የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከመረጣችሁ ትምህርቱንና የሥራ ፈቃዱን ከመጠየቅ አትፈሩ፣ "ላይፍ ኮች" ሁሉ አማካሪ አይደለም። ሳይካትሪስት ሐኪም ስለሆነ መድኃኒት ያዛል፣ ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል፤ አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። ጸበልም፣ ዱዓም፣ ጸሎትም ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። የጀመራችሁትን መድኃኒት ብቻ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ነርሷ ጋ ስድስት ጊዜ ያህል ተመላለሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አብዛኛውን ያለቀሱ ይመስለኛል። በሦስተኛው ነርሷ "ሌሊት ማገላበጡን ማን ሊያግዝዎት ይችላል?" ብላ አንድ በአንድ አስቆጠረቻቸው። የባልየው ወንድም በሳምንት ሁለት ሌሊት መጥቶ ማደር ጀመረ። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነበር እስከዛ ያልመጣው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃቸው ለካ ለአንድ ወር ትምህርት ቤት እየሄደ መስሎ ጎዳና ላይ ሎተሪ ሲያዞር ነበር፤ እሱም ሲጠየቅ ነው የተናገረው። ሰውየው "እኔ እብድ አይደለሁም" ብለው ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። በሦስተኛው፣ የሽንት ቱቦ ሊያስቀይሩ ሲመጡ ነርሷ ራሷ ወንበር ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ተአምር አልሆነም። ቁስላቸው አንድ ጊዜ ተመልሶባቸው ነበር፣ ንዴቱም አልፎ አልፎ አለ። አሁን ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ለሰፈራቸው ግንበኞች የብሎኬትና የሲሚንቶ ሂሳብ ይሠራሉ፣ ትንሽ ትንሽ ይከፈላቸዋል። ልጁ ክፍል ገብቷል። ሴትየዋ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከቤት ይወጣሉ፤ እህታቸው ጋ ሄደው ሦስቱን ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። ጨጓራውን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፣ "ኪኒንሽን ካቆምኩት ቆየሁ እኮ" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መኝታ ቁስል አያያዝ እጽፋለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ቸር ሰንብቱ።